ሥራ ፈት የተባለው ጂን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው፤ ክር ማስገባት አሁንም ያስለቅስሻል? የእማዬ ደም ግፊት ወረደ? ክኒኗን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? የባልሽ ወገብ፣ የልጅሽ ጥርስ፣ ሁሉም ደህና? እኔ፣ ንዴቴን ካልቆጠርሽው፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቅጠል ላይ ተጎልተህ ምን አገኘህ?» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ደሜ ፈላ። ይባስ ብለሽ የጎረቤታችንን የጉልበት ራጅ አብረሽ ልከሽልኛል። እታለም፣ በእናትሽ፣ እኔ የዕፅዋት ተመራማሪ እንጂ የሰው ሐኪም አይደለሁም! እማዬ «ልጄ ዶክተር ነው» እያለች ሰፈሩን ስታዳርስ ዝም ብለሽ ያየሻት አንቺ ነሽ።

እስቲ ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ዕፅዋትም እንደ እኛ ሰውነታቸው ፕሮቲን አለው፤ ፕሮቲን ግድግዳ ቢሆን ጡቡ አሚኖ አሲድ ይባላል። ከእነዚህ ጡቦች አንዳንዶቹን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። የዚያ ኢንዛይም አሠራር የተጻፈበት ጂን ነው የእኔ ጣጣ። ጂኑ ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ፣ የተበላሸበትን ተክል ከጤነኛው ጎን አብቅሎ ልዩነቱን ማየት ነው። ልዩነት? ወይ ፍንክች! ሁለት ዓመት ሙሉ ዘራሁ፣ ለካሁ፣ መዘንኩ። ቁመታቸው እኩል፣ ቅጠላቸው እኩል፣ ፍሬያቸው እኩል። ኃላፊዬ በየሰኞው ስብሰባ «ታዲያ ጂንህ ምን ይሠራል?» ትለኛለች። ጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬማ ስም አወጣለት፦ «ሥራ ፈቱ»። በመጨረሻ ኃላፊዬ እስከ መስከረም አንድ ነገር ካልተገኘ ጥናቱ ይዘጋል፣ ውልህም አይታደስም አለችኝ። እማዬ ትሰማለች ብዬ ነው ይህን ሳልጽፍልሽ የቆየሁት።

ሚያዝያ ላይ የአሥር ቀን ፈቃድ ወጣሁ። ስመለስ የተክሎቹ ክፍል ድቅድቅ ጨለማ ነው። መስኮት የለውም፤ ፀሐያቸው አምፖል ነው። ሁሉም ገርጥተው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የትኛው ከየትኛው አይለይም። አበድኩ። ውሃ የሚያጠጡትን ሽማግሌ አትክልተኛ በሰው ፊት «አራት ዓመቴን ገደሉብኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ «ልጄ፣ እኔ ውሃውን የምከፍተው ከውጭ ነው፤ በሩን ክፈት ያለኝ የለም» አሉ። «ሰበብ አይደርድሩ! ሁሉንም ጠርገው ይጣሉልኝ» ብያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ የመብራት ሠራተኛው መጣና በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መዝገብ አሳየኝ። አምፖል ለመቀየር መብራቱን ያጠፋው ሰው ፈርሟል፤ መልሶ ያበራው ሰው የሚፈርምበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ፊርማው የእኔ ነው፤ ቀኑም ለፈቃድ የወጣሁበት። እታለም፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሮጬ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ አትክልተኛውን ላለማግኘት ሳምንት ሙሉ ሕንፃውን እየዞርኩ በጓሮ በር ስገባ ሰነበትኩ።

በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው መጡ። «ና እስቲ እይ» ብቻ አሉኝ። ለካ አልጣሏቸውም፤ መብራቱን አብርተው ሲያጠጧቸው ከርመዋል። «ሥሩ ገና ነጭ የሆነ ተክል መጣል አይሆንልኝም» አሉ። ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ «እነዚህ አገግመዋል፤ ከእነዚያ ግን አንድም ቀና ያለ የለም። ምን ጎድሏቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተተከሉባቸውን ትሪዎች ቁጥር አየሁ። ያገገሙት ጤነኞቹ፣ የሞቱት ጂኑ የተበላሸባቸው! አንድም አልተዛነፈም። የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ምግቡን ራሱ ስለሚሠራ፣ ጂኑ ኖረ አልኖረ ማንም አያውቅለትም። ብርሃን ጠፍቶ ስኳሩ ሲያልቅ ግን የራሱን ፕሮቲን ያፈርስና አሚኖ አሲዱን እንደ ማገዶ እያነደደ ይቆያል። ኢንዛይሙ ከሌለ፣ ማገዶው እያለ ማንደድ ያቅተዋል። ከዚያ ወዲህ ሆነ ብዬ እያጨለምኩ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቴም ያው ሆነ። ውሌም ታድሷል። ኃላፊዬ ይህን ሁሉ አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አላጨለምክባቸውም?»

ያን ዕለት ባልዲው ላይ እንደተቀመጥኩ «ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አዋረድኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እሳቸውም «ስትጮህብኝ ሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታው በጓዳ ሆነ?» አሉኝ። ሰኞ ስብሰባ ላይ፣ ስለ ውጤቱ ቃል ሳይነሣ፣ ቆሜ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ ተክሎቹን ያተረፏቸው አትክልተኛው መሆናቸውን ተናገርኩ። እሳቸውም በር ላይ ቆመው ነበር። ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁና ወደ ውሃቸው ተመለሱ።

የእማዬን ጉልበት ስሚልኝ። ባልሽን፣ ከባድ ዕቃ ማንሣት ይብቃህ ብሎሃል በዪልኝ። ልጅሽ በደብዳቤው ጠርዝ የሳለችልኝን ዶሮ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺም እንደፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ብቻ አትጥፊብኝ።

ነጭናጫው ታናሽ ወንድምሽ
ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል፣ ጥቅምት 19 ቀን