ቆሜ የተኛሁበት ፎቶ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎት? የስፌት መኪናውን የሚረግጡበትን እግርዎን እንደሚያምዎት እማዬ ነግራኝ ነበር፤ ተሻለዎት? ዓይንዎስ ክር በመርፌ ማስገባት እሺ ይልዎታል ወይስ ዛሬም የጎረቤቷን ልጅ ይጠራሉ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ሳሏ ለቀቃት? እኔም ድንቡሼም እግዜር ይመስገን አለን። ድንቡሼ የሚለውን ስም በሕፃንነቱ እርስዎ አወጡለት እንጂ አሁን ቢያዩት መልሰው ይወስዱበት ነበር። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም እየዋለ ያ ሁሉ ጉንጭ አልቋል።

በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን በስልክ ሲሆን አፌ «ደህና ነኝ» ማለት ለምዶ ሌላ ነገር አይወጣውም። ደግሞም በዓይንዎ የሚያዩት ነገር አለ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ሰውዬ ሳምንት ቆይቶ ስለሚመለስ መልስዎን በእሱ እጅ ይላኩልን።

ነገሩ የድንቡሼ ፎቶ ማንሳት ነው። አይቆጡ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሸኙት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እኔ ሳልፈቅድ ደመወዝህን ጥለህ ካሜራ ተሸክመህ እንዳልሰማ» ያሉትን አልረሳም። ቃልዎንም አላፈረሰም፤ የሚያነሳው በእረፍት ቀኑ ብቻ ነው። ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይህቺ አፌ።

የልብስ ማጠቢያችን አለቃ ለሠራተኛው ሁሉ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ሊያሠራ ፈልጎ ፎቶ አንሺ ቢያጣ፣ «ወንድሜ ያነሳል» ብዬ ቁጭ! ድንቡሼ እረፍቱ በሆነው ሐሙስ ጠዋት መጣ። ከኋላ የሚሰቀል ነጭ ጨርቅ አምጡልኝ አለ፤ አንሶላ እንደሆነ እዚህ ሞልቷል። ከዚያማ ምን ልበልዎ፣ አርባ ሴቶች ነን፣ እስከ ምሳ ድረስ ዘጠኝ ብቻ አነሳ። የአንዷን በርጩማ ወደ መስኮቱ ያስጠጋል፣ ሌላዋን ስለ ልጆቿ ይጠይቃል፣ ሌላዋን መኖሩን እስክትረሳው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ሴቶቹ «ወንድምሽ ሊያጨን ነው ወይስ ሊያነሳን?» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። አለቃው ያነሳቸውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አንዷ ወደ ጎን ታያለች፣ አንዷ ላቧን ትጠርጋለች፣ ፎጣ የምታጥፈው ትልቋ ሴትዮ ደግሞ የወለቀው ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። «በር ላይ ያለው ዘበኛ ይህንን አይቶ ማንን ያሳልፋል?» አለው። እውነቱን ነው፣ ምን ይበል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው እርስዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው። እኔ ካሜራውን ጠቅልሎ የሚሄድ መስሎኝ ቆሌዬ ተገፎ ነበር። እሱ ግን ምሳውን ሳይቀምስ ሁላችንንም አሰለፈን፤ ቀጥ በይ፣ ወደ ፊት እዪ፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ፣ እያለ በአንድ ሰዓት ጨረሰን። እስረኛ መስለን ወጣን፤ መታወቂያውም ሆነ። ማታ ወደ ክፍላችን ስንወጣ ካሜራውን ጠራርጎ አስቀመጠ። እኔም ምን ተሰማህ ብዬ አልጠየቅኩትም፣ የማስበው እግሬን የምዘረጋበትን ሰዓት ነበር። ያቺ ፎጣ አጣፊ በማግስቱ ለመታወቂያ ያልሆነውን ፎቶዋን ለምና ወሰደች። ልጆቼ ስስቅ አይተውኝ አያውቁም፣ እልክላቸዋለሁ አለች።

ሁሉንም ያተመለት ሽማግሌ ፎቶ ቤት አለው። አይቶ አይቶ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ እኔ ዘንድ ይሥራ፣ ግን ሙሉ ቀን ስለሆነ መጋዘኑን ይልቀቅ አለ። ሄጄ አነጋገርኩት። ሰውዬው ማሞካሸት አያውቅም። ዓይን አለው፣ ዓይን ያለው ሰው ግን ብዙ አይቻለሁ አለኝ። እዚህ የሚውለው ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ፣ የሰው ሕፃን ሲያባብል፣ ሙሽራዋ አፍንጫዬን አሳንስልኝ ስትለው እሺ ሲል ነው፤ ዓመት ሳይሞላው የሚወደውን ነገር ሊጠላው ይችላል አለ። ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ከመጋዘኑ ያንሳል። ያው የቤቱ ሸክም ወደ እኔ ያጋድላል ማለት ነው። ድንቡሼ ራሱ እርስዎን ለመጠየቅ ፈራ፤ አባዬ እምቢ ካሉ ይቅር ብሎ ለእኔ ተወው። እኔም ልዋሽዎ አልፈልግም፣ «ይቅር» ቢሉልኝ ብዬ ነበር ደብዳቤውን ያሰብኩት። ደክሞኛል፣ አባዬ።

ይኸው ወጣልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሥራዬ ቀላል ነው፣ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው» ስልዎ ኖሬአለሁ። ቁጭ ብዬ አላውቅም። አንሶላ የሚተኩስ ትልቅ ማሽን አለ፤ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እሱ ፊት እቆማለሁ።

ያን ሐሙስ ድንቡሼ ሳላየው አነሳኝ። ቆሜ ተኝቻለሁ። ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ፀጉሬ በእንፋሎቱ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል፣ አፌም ከፈት ብሏል። ሳየው ደሜ ፈላ፣ አዋረድከኝ አልኩት። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነሽ ብሎ አንገቱን ደፋ። ፍራሽ ስር ወሸቅኩት። በማግስቱ ልቀደው ሳወጣው እጄን አየሁ። እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ እጄ አንሶላውን አልለቀቀም። እርስዎ ከሰዓት በኋላ መኪናው ላይ ሲያንጎላጅዎ ጨርቁ እንዳይንሸራተት በመዳፍዎ ተጭነው የሚተኙት እንቅልፍ ነው። ልጆች ሆነን እንስቅብዎ ነበር። መቅደድ አቃተኝ።

የሚያማምሩ ሌሎች ፎቶዎች አሉት፣ የወፍም የዝናብም። እነሱን ብልክልዎ «ያምራል» ብለው ያስቀምጡታል። ይህንን ካላዩ የልጁን ሥራ አላዩም፤ ካዩት ደግሞ የእኔን ገመና አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፖስታውን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ። ዛሬ አሽጌዋለሁ። ደንበኛ የማይረባ ልብስ ሲያዝዝዎ ሳያኮርፉ ሰፍተው የሚሰጡ፣ ጥሩ ስፌትም ሲያዩ ከሩቅ የሚያውቁ ሰው ነዎት፤ እርስዎው ይፍረዱ። ይሂድ ካሉ እኔ እችለዋለሁ። ይቆይ ካሉም ይቆያል። ስለ እኔ አዝነው ብቻ እንዳይፈርዱ አደራ።

እትዬን ከነባሏ ሰላም ይበሉልኝ፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ክር የምታስገባልዎን ልጅ እጇ ይባረክ ይበሉልኝ። እማዬን መጀመሪያ ቁጭ ያድርጓትና ከዚያ ፎቶውን ያሳዩአት። ድንቡሼ ጉልበትዎን ይስማል፤ ፎቶውን መላኬን ግን አያውቅም። ፎቶ ቤቶች ከፎቶው ጀርባ የአንሺውን ማኅተም ይመታሉ። ድንቡሼ ማኅተም ስለሌለው እኔ በእጄ ጻፍኩበት፦ ያነሳውም የተነሳችውም ልጆችዎ ናቸው።

ሴት ልጅዎ
ከማሽኖቹ በላይ ካለችው ክፍላችን፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን