ጋቢው ከላይ ሲታይ

እሁድ፣ ከሥራ በፊት፣ ያቭኔ

የነዳጅ ማዞሪያውን ረሳሁት። እንደገና! ሰንበት ገብቶ መጻፍ ባይከለከል ኖሮ ዐርብ ዕለቱን እጽፍልሽ ነበር፣ ደብተሬ። ቅዳሜን ሙሉ አንጀቴ ሲያር ዋለ።

የበረራ ክበባችን አሮጊቷን ሊሸጣት ነው። አሮጊቷ የምላት ክንፏ ከጣሪያዋ በላይ የሆነውን፣ በረራ የተማርኩባትን ትንሿን አውሮፕላን ነው። በምትኳ የመጣችው የአዲሷ ክንፍ ከወንበሩ በታች ነው፣ እሱን ረግጠሽ ነው የምትገቢ። የበረራ ፈቃድ ያለን ሁሉ አዲሷን ብቻችንን ከማብረራችን በፊት ከአስተማሪ ጋር መፈተን አለብን። በአሮጊቷ ነዳጁ ከሁለቱም ክንፍ አንድ ላይ ይወርዳል፣ አታስቢበትም። በአዲሷ ግን ከአንዱ ትጠቀሚና በየጊዜው ወደ ሌላው ታዞሪያለሽ። እኔ አላዞርኩም። አስተማሪዋ ጋሊ እጇን ዘርግታ አዞረችው። ስንወርድ ገና ነሽ አለችኝ። የማለፊያ ፊርማ የለም።

ታናሽ ወንድሜ ኤላድ በዚያው ዕለት ፈተናውን አለፈ። በመጀመሪያ ሙከራው። እኔ ነኝ እኮ ወደ በረራ ሜዳው የወሰድኩት! ኮል ሀካቮድ፣ ጎበዝ ብዬ አቀፍኩት። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት፣ ቤኤር ቱቪያ

መጋዘን ነኝ። ፎርክሊፍቱን፣ የዕቃ ማንሻውን፣ አቁሜ እጽፋለሁ።

አባባ ደወለ። ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የሚለምነኝ፦ ቂርያት ማላኪ፣ ከሕንጻው ጀርባ ያለችውን ጓሮውን ከላይ ማየት። ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን፣ ቃሪያውን። ጀርባው እስኪሻለው ስንጠብቅ ኖርን። እኔ ነኝ የማወጣህ ብዬው ነበር።

ዛሬ ምን ይለኛል? ዐርብ ከኤላድ ጋር ሊወጣ ነው። በአዲሷ። በአሮጊቷ እኔ ልውሰድህ ብለው፣ እሷማ ልትሸጥ አይደል፣ አዲስ እያለ ምን በወጣኝ አለ። አንቺ ጋቢዬን ጓሮው ላይ አንጥፊልኝ፣ ከላይ እንድለየው፣ ብሎ ዘጋው። ቤሰደር፣ እሺ አባባ። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን በፎርክሊፍቱ ልገጨው ለጥቂት ተረፍኩ። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ደህና ነኝ።

ደህና አይደለሁም።

ዐርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አባባ ቤት

አነጠፍኩ። በአራቱም ጫፍ ድንጋይ። አንዲት የጎረቤት እናት ከበረንዳ ሆነው በርበሬ ልታሰጪ ነው ወይ አሉኝ። አይ፣ አባባ ከሰማይ ሊያየው ነው አልኳቸው። እግዜር ይማርሽ ዓይነት አዩኝ።

ኤላድ መጣ። ልክ አናቴ ላይ። በአሮጊቷ ስንበር እንዳሳየሁት፣ ቀጥ ብሎ በላዬ። እጄን አውለበለብኩ። ቀና ስል የአውሮፕላኗን ሆድና ሁለት ክንፍ ብቻ አየሁ። አባባ የተቀመጠበት መስኮት አይታይም። ያኔ ገባኝ። እኔ ማዞሪያውን እንደረሳሁ እሱም ክንፉን ረስቶታል። በአዲሷ ታችሽን ማየት ከፈለግሽ ወደ ጎን አጋድለሽ መዞር አለብሽ። ኤላድ አላጋደለም። አለፈና ወደ ጋን ያቭኔ ሄደ።

ደስ አለኝ። ኋላ አፈርኩ። መጀመሪያ ግን ደስ አለኝ፣ ላንቺ አልዋሽም።

ይዞት ሲመለስ አባባ ከመኪናው ሳይወርድ ጀመረ። «ጋቢው ነጭ ሆኖ ሲያበራ አየሁት፣ ቃሪያው ሁሉ ይለያል» አለ። የኤላድን ጭንቅላት ይዞ መረቀው። ረጅም ምርቃት። ኤላድ እንባ እንባ አለው። እኔ ጋቢውን አጥፌ ይዤ ቆሜአለሁ።

ኤላድ ሰንበት ሳይገባበት ወደ ገደራ ቤቱ ሊሄድ ሲቸኩል፣ አባባ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ክንፍ ብቻ ነው ያየሁት። እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል» አለኝ።

አሁንስ ባሰብኝ። ለሱ ሲል ዋሸ። አባባ፣ በሰንበት ዋዜማ! ለእኔስ እንዲህ ይዋሽልኛል?

ሻማው ሊበራ ነው። ይብቃኝ።

እሁድ፣ ከሥራ መልስ

ለጋሊ ደወልኩ። አሮጊቷ የምትሄደው ከመጪው ዐርብ በኋላ ነው። ዐርብ ጠዋት የእኔ ናት። አዲሷን ሌላ ጊዜ እፈተናለሁ፣ አትሸሽም። ለአባባ ነገርኩት። ክንፏ ከላይ ነው፣ መሬቱን የሚሸፍንብህ የለም አልኩት። «ያላ፣ እንሂድ» አለ። ያላ ማለት ከየት እንደለመደ!

የቀረው ጋቢው ነው። ማን ያንጥፈው? ኤላድ። ያንን ያህል ጨዋ አይደለሁም፣ ደብተሬ። እኔ ቆሜ ቀና ብዬ አይቻለሁ፣ እሱም ይቁምና ይይ።

ደወልኩለት። ዐርብ ና፣ ጋቢውን አንጥፍ። ለምን እንደገና አለ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ሕፃን ሆኖ እንደማውቀው። «አባባ አላየውም እንዴ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ክንፍ ብቻ ነው ያየው። ሁለት ሰከንድ የማይፈጅ ነገር። ሳምንቱን ሙሉ ያረረው አንጀቴ በአንዴ ይርስ ነበር።

አይቶታል አልኩት። አሮጊቷን ሊሰናበታት ፈልጎ ነው።

ቤሰደር አለ፣ ትንፋሹ ሲመለስ ሰማሁት። ድንጋይ ከየት ላምጣ? ከቃሪያው ሥር አለልህ አልኩት።

እንግዲህ ዐርብ ከላይ አየዋለሁ። ትንሽዬ ሆኖ፣ እጁን እያውለበለበ። አባባ ከጎኔ።

አዲሷን እንዴት አጋድሎ እንደሚዞር እነግረዋለሁ። ያንንም ወስኛለሁ። ከዐርብ በኋላ ግን።