ሂሩትዬ፣ ዘንግሽን ይዤ ወደ ባሕሩ ሄድኩ

ሂሩትዬ፣

ከተለየሽኝ ይኸው ብርዱ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ። ደህና ነኝ፤ ድካም ነው እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም። ፓርክ ሮያል ያለው የሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ አሁንም ቆሜ ነው የምውለው። ልጃችን ሰላም ማንችስተር ትማራለች፤ እሁድ እሁድ በስልክ ካርድ ትደውልልኛለች። የሃክኒውን ቤት ለቅቄያለሁ። ደረጃው ስላቃተኝ የቤት ትራንስፈር አፕላይ አድርጌ ብሪክስተን ምድር ቤት ያለች ጠባብ ቤት አገኘሁ።

ዕቃ ስሸክፍ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግሽ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ወጣ። አዲሱ ቤት እሱን የማቆምበት ጥግ እንኳ የለውም። መጣል አልሆነልኝም። በኤሴክስ ዳርቻ፣ ባሕሩ ወደ ውስጥ ከሚገባበት፣ ሁልጊዜ ካጠገብሽ ቆሞ የሚያጠምደው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ትዝ አለኝና ለሱ ልስጠው ብዬ ቅዳሜ በባቡር ሄድኩ።

እዚያ ስንሄድ እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ? አንቺ የምጽዋ ልጅ፣ ክሩን በጣትሽ ይዘሽ ዓሣው ትሉን ሲነካ የምታውቂ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ውኃ የምፈራ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ እተኛ ነበር። ባስ የሚሉትን ያን ብርማ ዓሣ ስትይዢ አትጮሂም፤ ዞር ሳትይ እጅሽን ወደ ኋላ ትዘረጊያለሽ፣ እኔም እንደ ምንም ነቅቼ ከረጢቱን አቀብልሻለሁ። ለአንቺ ስል እንደምሄድ ነበር የማስበው። የሳምንቱ ዕረፍቴ ለአንቺ ደስታ እንደዋለ።

ሽማግሌው እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ባሕሩ መሙላት ጀምሯል። እኔን አየና ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ። ከጠፋችሁ ቆያችሁ፣ ሚስትህ የት ቀረች አለኝ። በልቅሶ ቤት በአማርኛ ስንቴ የተናገርኩት ነገር በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ፣ ሞታለች አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ውኃው ዞረ።

ከዚያ ያላወቅሁትን ነገረኝ። በመጨረሻው በጋ እጅሽ ዝሎ ክሩን መወርወር ሲያቅትሽ እሱ ይወረውርልሽ ነበር፤ እኔ ተኝቼ። አንድ ቀን፣ እንዲህ ታመሽ ለምን ትለፊያለሽ፣ ቤትሽ ብታርፊ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀሽ። የመለስሽለትን እንዳለ ነገረኝ።

«ባሌ ቤት ውስጥ እንቅልፍ የለውም፤ የሚተኛው እዚህ ብቻ ነው።»

ሂሩትዬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ዘንጉን ከእጄ ተቀብሎ ትል ሰካበትና ወረወረ። ዓሣም አልተያዘም። ባሕሩ ሞልቶ መሸሽ ሲጀምር ተሰናበትኩትና በባቡር ተመለስኩ፤ ዘንግሽ እሱ ዘንድ ቀረ።

እሁድ ሰላም ስትደውል ነገርኳት። አለቀሰች።

ሰዎች ስለ አንቺ ሲያነሱ ዓሣ ማጥመድ ትወድ ነበር ይላሉ፤ እኔም አብሬ እንዲያ እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም። ሂሩት ባሏን ታሳርፍ ነበር እላለሁ። ትንፋሼ እስካለ ድረስ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ባልሽ ግርማ