ቀኝ ዓይናችንን አብርተው ግራውን ለረሱት ለክቡር የዓሣ ሀብት ሚኒስትር

ለክቡር ዶክተር ብራጃኪሾር ሳማንታራይ፣
የክልሉ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር፣ የቦዳፓሊ ሕዝብ ተመራጭ፣ ቀድሞ የዓይን ሐኪም፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎና በተለይም ሁለቱም ዓይኖችዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። «ሁለቱም» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የቦዳፓሊ ሰዎች የአንድን ሰው ደኅንነት ስንጠይቅ ዓይኖቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ከለመድን እነሆ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን።

እኔ ኡማካንታ ፓኒግራሂ እባላለሁ። በመንግሥት ኮሌጅ ለሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛው ትምህርቴም ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ ነው። ካላስታወሱኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን እንቁራሪት ቀደን ውስጡን እንድናይ በታዘዝንበት ቀን፣ ራስዎን ስተው ሲወድቁ የደገፍኩዎ እኔ ነኝ። በግርግሩ መሃል እንቁራሪቱ በመስኮት ዘሎ አመለጠ። ከእንቁራሪት ጀምረው ዓሣ ላይ መድረስዎን ሳስብ፣ ሕይወትዎ ከውሃ ብዙም ያልራቀ መሆኑ ይደንቀኛል።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ እርስዎን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። አባትዎ ሸማኔው ዳንዳፓኒ «እኔ ጨርቅ እሠራለሁ፣ ልጄ ሰው ይሠራል» እያሉ አስተማሩዎ። የሕክምና ትምህርትዎን ጨርሰው ጓደኞችዎ ሁሉ ትልልቅ ከተማ ሲቀሩ፣ እርስዎ ብቻ ወደ ቦዳፓሊ ተመለሱ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመትም በትንሿ ክሊኒክ ውስጥ የገበሬውን፣ የዓሣ አጥማጁንና የባለ ሪክሾውን የዓይን ሞራ ሲገፍፉ ኖሩ። ይህን የምጽፈው በምጸት አይደለም፤ ምጸቱ ኋላ ይመጣል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በልጃገረዶች ትምህርት ቤት በተካሄደው ነጻ የሕክምና ዘመቻ፣ በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ሦስት ሰዎች ላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። የሁሉም ቀኝ ዓይን ነበር። ሁለት ዓይን በአንድ ጊዜ እንደማይነካ፣ ግራውን ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ እንደሚሠሩት ነገሩን። የሰባ ስምንት ዓመት እናቴን፣ ወይዘሮ ኩሙዲኒን፣ ፋሻቸውን ሲፈቱላቸው እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር።

«እማማ፣ እስከ ስድስት ሳምንት በዚህኛው እያጮለቁ ይቆዩኝ» አሏቸው።

«አንተ ልጅ፣ ግራዬን እንዳትረሳው» አሉ እናቴ።

«እሱን ከረሳሁ ዓይኔ ይጥፋ!»

በአምስተኛው ሳምንት የምርጫው ቀን ተቆረጠ። በስድስተኛው ሳምንት፣ አርባ ሦስቱ ሰዎች ግራ ዓይናቸውን ታጥበው በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ፣ እርስዎ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አንገትዎ እስኪጠፋ የአበባ ጉንጉን ተደርቦልዎ፣ በክፍት መኪና ፊታቸው አለፉ። እጅዎንም አውለበለቡላቸው። ግማሾቹ አላዩዎትም፤ ያለፉት በግራቸው በኩል ነበርና።

ስለዚህ የሚከተሉትን አቤቱታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የሰው ልጅ የአንድን ነገር ርቀት በትክክል የሚለካው በሁለት ዓይን እንደሆነ ለክብርዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ግን አላስቻለኝም። ከአርባ ሦስቱ አንዱ የሆነው ሻይ ሻጩ ባናማሊ፣ ሻዩን የሚቀዳው ከብርጭቆው ሁለት ጣት አለፍ አድርጎ ነው። ደንበኞቹ አሁን ብርጭቆውን ራሳቸው ወደ ሻዩ ማስጠጋት ለምደዋል። ባለ ሪክሾው ፓዳን በግራ በኩል ዓለም ያለች አይመስለውም፤ ተሳፋሪው «ላም! ላም በግራ!» እያለ መጮህ አለበት። ባለፈው የካቲት በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ በተነሣው ፎቶ፣ የፊተኛው መደዳ ሽማግሌዎች በሙሉ አንገታቸውን ወደ ግራ ጠምዝዘዋል። የሙሽራው ዘመዶች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና «በእናንተ ዘንድ እንዲህ መቆም የአክብሮት ምልክት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኳቸው። ለክብርዎ ስል ዋሸሁ።

፪. በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ሦስት ፓርቲ መቀያየርዎን አልነቅፍም፤ ሰው ጫማም ይቀይራል። ነገር ግን የምርጫ ምልክትዎ መጀመሪያ ማሰሮ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ፣ አሁን ደግሞ መሰላል በመሆኑ፣ ደጋፊዎችዎ ሦስቱንም በቤታችን ግድግዳ ላይ አንዱን በሌላው ላይ ሥለዋቸዋል። እናቴ በቀኝ ዓይናቸው ተመልክተው «ማሰሮውን ጃንጥላ ጋረደው፣ ጃንጥላው ላይ መሰላል ቆመ፤ አሁን የቀረው ሰውየው መውጣቱ ነው» ብለዋል። በማግስቱ ሚኒስትር ሆኑ። እናቴን ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ጠንቋይ ያያቸዋል።

፫. የዓሣ አጥማጆች ማኅበር እንደ አገራችን የአክብሮት ልማድ በትልቁ ሚዛን አስቀምጦ በክብደትዎ ልክ ዓሣ በመዘነልዎ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ሌላው ባለሥልጣን የሚመዘነው በሙዝ ወይም በጣፋጭ ነው፤ ሙዝ ጨዋ ነው፣ ከሚዛን ላይ አይዘልም። የእርስዎ ግን ከማሃናዲ ወንዝ በዚያው ጠዋት የወጣ፣ ነፍሱ ያልወጣች ዓሣ ነበር። እሱ በዘለለ ቁጥር እርስዎ በሌላው ወገን ዱብ ሲሉ፣ ሲያስቀምጡት ደግሞ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ሕዝቡም በእያንዳንዱ መውጣትና መውረድ ሲያጨበጭብ ሦስት ሰዓት አለፈ። የፊዚክስ አስተማሪ እንደመሆኔ፣ ሕይወት ያለው ነገር ለመመዘኛ እንደማይሆን በጽሑፍ ተቃውሞዬን ለማኅበሩ አስገብቻለሁ። ሰማንያ አራት ኪሎ ተብሎ የታወጀውም ከነጉንጉኑ ነው። ያም ሆነ ይህ አንድ የዓይን ሞራ ለመግፈፍ ይፈጅብዎ የነበረው ሃያ ደቂቃ ነበር። በሚዛኑ ላይ የዋሉት ሦስት ሰዓት ማለት ዘጠኝ ግራ ዓይን ነው።

፬. የክሊኒክዎ የቀዶ ሕክምና ክፍል አሁን የፓርቲው ዕቃ ቤት ሆኗል። በመስኮቱ አጮልቄ እንዳየሁት፣ አልጋው ላይ ከወረቀት የተሠራ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ዓሣ ተጋድሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰመመን ተሰጥቶት ተራውን የሚጠብቅ ይመስላል። ከበስተኋላው ባለው ቁምሳጥን ውስጥ የአርባ ሦስቱ ሰዎች የሕክምና ካርድ ተቆልፎበታል። ቁልፉ በክብርዎ ኪስ ነው። ወደ አውራጃው ሆስፒታል አራት ሰዓት ተጉዘን ስንሄድ «የመጀመሪያው ዓይን ካርድ ሳይመጣ ሁለተኛውን አንነካም» አሉን። ትክክል ናቸው። እርስዎም ሐኪም ሳሉ እንደዚያው ነበሩ።

፭. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ወር በቤትዎ ግቢ ባደረጉት የአቤቱታ ቀን፣ እናቴ እምቢ ብለውኝ መቶ አሥራ ሁለተኛ ተራ ይዘው ተሰለፉ። ጸሐፊዎ ሎክናት አቤቱታውን በሦስት ቅጂ ካላመጡ አያልፉም ብሏቸው በሦስት ቅጂ አመጡ። ፊትዎ ሲደርሱ ወረቀቱን ትተው «ልጄ ብራጃ፣ ግራዬስ?» አሉ።

ያን ጊዜ የሆነውን መቶ ያህል ሰው ያየው ነው። ከወንበርዎ ተነሡ። አገጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞሩ፤ በአውራ ጣትዎ የዓይን ቆባቸውን ገልበው ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት ወደድኩዎ፤ የድሮው ሰው ነበሩ።

«ሞራው በስሏል እማማ» አሉ፤ «እጅግ በስሏል። ከእንግዲህ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ዓይኑ ይጠፋል። እስካሁን እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሐኪምዎ ማነው?»

ከእናቴ ኋላ ተሰልፎ የነበረው ሻይ ሻጩ ባናማሊ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጌታዬ፣ ያን ሰውዬ እኛም እየፈለግነው ነው» አለ።

እርስዎም ሳቁ፤ ይህንንም አልክድም። ከዚያም ብዕር ጠይቀው በአቤቱታው ራስጌ «ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብለው ፈረሙ፣ ለእናቴም የራስዎ ምስል ያለበትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጡ። በምስሉ ላይ ሁለቱም ዓይኖችዎ በጣም ያምራሉ።

አቤቱታው ወደ ጤና ቢሮ ሄደ። ጤና ቢሮው «አካሚው ሐኪም በአሁኑ ጊዜ በዓሣ ሀብት ሚኒስቴር ስለሚገኙ» ብሎ ወደ እርስዎው መሥሪያ ቤት መራው። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደግሞ በማኅተም የተደገፈ መልስ በፖስታ ላከልን። እነሆ ቃል በቃል፦ «በመዝገባችን ላይ ኩሙዲኒ የሚባል የዓሣ ኩሬ ስለሌለ ጥያቄውን ማስተናገድ አልቻልንም።»

እናቴ ደብዳቤው ሲነበብላቸው «እንግዲህ ኩሬም ሆንኩ» አሉ። እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ በገዛ አንደበትዎ ከቆረጡት አንድ ወር ውስጥ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

ክቡር ሆይ፣ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ሥልጣንዎን ይተዉ አልልም፤ ዓሦቹ ያለ እርስዎ ምን እንደሚውጣቸው መገመት እችላለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ይምጡ። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘግቷል፤ አዳራሹን እኔና ተማሪዎቼ አጥበነዋል። አበባ አናመጣም፣ አንመዝንዎትም፣ ንግግርም አንጠይቅም። የወረቀቱን ዓሣ ከክሊኒኩ አልጋ አንሥተው አልጋውን የሚያመጡ አራት ሰዎች አዘጋጅቻለሁ።

ስላደረጉልን ግማሽ ውለታ ሙሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ኩሬዎችዎ እንዲሞሉ፣ መሰላልዎም ሳይንሸራተት እንዲያደርስዎ እመኛለሁ።

በግራም በቀኝም የማከብርዎ፣
ኡማካንታ ፓኒግራሂ
የፊዚክስ አስተማሪ፣ ቦዳፓሊ

የተጨመረ፦ ከላይ ያለውን ሁሉ ጽፌ ለእናቴ ሳነብላቸው «ልመናውን ሰርዘው» አሉኝ። ባለፈው ሐሙስ እርስዎ አዲሱን የዓሣ ገበያ ሲመርቁ እሳቸው ከፊት መደዳ ተቀምጠው ነበር። «መቀሱ ሪባኑን ሁለቴ ሳተው» አሉ፤ «በሦስተኛው ያ ሎክናት ወጥሮ ያዘለት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን እጅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ዝንብ ያረፈችብኝ ያህል እንኳ አይሰማኝም ነበር። አሁን ለሪባን ይበቃል፣ ለእኔ ግን አይነካኝ። ቁልፉን ብቻ ይላክልኝ።» በአውራጃው ሆስፒታል ያለችው ወጣቷ ዶክተር ሳስሚታ ካርዶቹ ከደረሷት በዚሁ ሳምንት ልትጀምር ተስማምታለች። ስለዚህ ይምጡ ያልኩትን ይቅርታ ጠይቄ አንሥቻለሁ፤ ቁልፉን በማንም እጅ ይላኩት። እጅዎ መንቀጥቀጡን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ለይተው ያዩት እናቴ ብቻ ናቸው፤ ያዩትም እርስዎ ባበሩላቸው ዓይን ነው። ስለ ድሮው ሥራዎ ጥራት ከዚህ የተሻለ ምስክር ማቅረብ አልችልም።