የረገበችው ድምፅ

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ? ጉዴን ስማልኝ። ትናንት ኮንሰርት ላይ አንዲት ሴት ፒያኖና ኮምፒውተር አዋህዳ ስትጫወት፣ አንዲት ቅኝቷ የረገበች ድምፅ እየተመላለሰች ጆሮዬን ትቆረቁረኝ ጀመር። የፒያኖ ቃኚ አመል መች ያስቀምጣል፤ አመል ያወጣል ከመሃል ነውና በእረፍቱ የመቃኛ መፍቻዬን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ብነካ ሁሉም ደህና ናቸው።

ሴትዮዋ ሳቀችና፣ «እሷ ከኮምፒውተሩ ናት። የሟች እናቴ ፒያኖ ከመሸጡ በፊት ከሱ ላይ የቀዳኋት ናት። ያቺን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት» አለችኝ።

መፍቻዬን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያቺኑ ድምፅ ስጠብቅ አመሸሁ።

የአባትህን ፒያኖ ካልቃኘሁ እያልኩ ስንት ዓመት ነዘነዝኩህ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳምልኝ። ስመጣ መፍቻዬን ቤቴ ትቼ ነው፤ አንተ ብቻ እንዳለ ተጫወትልኝ።

ነዝናዛው ጓደኛህ