ጣሪያዋ የሚከፈተው የሞገስ መኪና

ሰኔ 16፣ 2013

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። የአንድ ባጃጅ ዲናሞ፣ የአንድ ሚኒባስ ፍሬቻ፣ በቃ። ጋራዡን ልዘጋ ስል ሞገስ ከመርሳ ወልድያ ድረስ መጣ። ቀይዋን ይዟት። ጣሪያዋ የሚከፈተውን፣ ሙሽራ የሚጭንባትን። ከዚህ እስከ ውርጌሳ እሷን የማያውቅ አለ? በር ላይ ሲያቆማት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወጣ።

"ባስ ስፒከር ትገጥምልኛለህ" አለኝ። "ግን እንዳይታይ። ድምፁ ይሰማ፣ እሱ አይታይ።"

የኋላውን ኮፈን ከፈትኩት። ጣሪያው ሲታጠፍ የሚገባው እዚያው ውስጥ ነው። የቀረው ቦታ ለሙሽራ ሻንጣ እንኳ አይበቃም።

"የት ልደብቅልህ? ኪስህ ውስጥ?"

"ለእህትህ ሰርግ ነው እኮ" አለ። "እኔ መኪናዬን አመጣሁ። አንተ ደግሞ እጅህን።"

ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? የቤዛዊት ሰርግ ሐምሌ 18 ነው። አባታችን ቢኖር… ተወው።

ሰኔ 19

ስኮርት ጎማውን አውጥቼ ጉድጓዱን ለካሁ። መፍትሔው እዚያ ነው ያለው። የስፒከሩን ሣጥን ጉድጓዱ ውስጥ ማስተኛት፣ ላዩን በኮምፔንሳቶ መክደን፣ ጥቁር ምንጣፍ ማልበስ። ጣሪያው ታጥፎ ሲገባ ከምንጣፉ በላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት ትቀራለች። ትበቃለች።

ወደ ማታ ፍቅሩ ከሥራው ሲመለስ ብቅ አለ። ሙሽራው። ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ነው የሚሠራው፣ የማሽላው ሙከራ ላይ። ዝምተኛ ነው። አጎንብሶ ኮፈኑን አየና፣ "ስኮርት ጎማው ታዲያ የት ይሆናል?" አለ።

"በሰርግ ቀን ጎማ አይፈነዳም" አለው ሞገስ።

ይህን ዝምተኛ ቤዛዊት በምን አናገረችው? አብረው ሲሆኑ ግን ሲያወራ ይሰማል አሉ።

ሰኔ 22

ጦሩ ከመቀሌ ወጣ። ሬዲዮው የተኩስ አቁም ነው ይላል። አስፋልቱ ላይ ወደ ደቡብ የሚወርድ ካሚዮን በዝቷል። "ጥሩ ነው፣ አበቃ ማለት ነው" አለኝ አንድ ደንበኛ። ፊቱ ግን እንደዚያ አይልም።

ሐምሌ 7

ከሰሜን የሚመጣ ሰው በዛ። አይሱዙ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ልጅ፣ ልጁ ድስት ታቅፎ። ለአንዱ ሾፌር የፊት መብራት ስሠራለት፣

"ከየት ነው?" አልኩት።

"ከአላማጣ።"

"እስከየት?"

ትከሻውን ሰበቀ።

እማዬ ሰርጉ ይዘግይ ትላለች። የፍቅሩ ቤተሰቦች ይፍጠን ይላሉ። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው።

ሐምሌ 11

ገጠምኩት። አምፕሊፋየሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ሽቦው ከምንጣፍ ሥር። ሞገስ አንድ የወሎ ዘፈን ከፈተ። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጣሪያውን አጠፈው፣ ድምፁ ያው። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ጥቁር ምንጣፍ ብቻ። እንደ ልጅ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል።

ሂሩት ከጎረቤት ሱቋ እየሮጠች መጣች። "ወርቁ፣ በእግዜር፣ አጥፋው። ልጆቹ መድፍ መስሏቸው አልጋ ሥር ገብተዋል።"

አፈርኩ። አጠፋሁት።

ድምፁ ግን አልቆመም። ድም… ድም… ሦስታችንም መኪናዋን አየናት። ቁልፉ በእጄ ነው። ከዚያ ሞገስ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆቦ አቅጣጫ አዞረ። ሂሩት ሄዳ ሱቋን ዘጋች።

ሐምሌ 19

ትናንት ዳርናት። ዳሱ ግማሹ ባዶ። የቆቦ ዘመዶቻችን አልመጡም፣ ስልካቸውም አይሠራም። ሚዜ ይሆናሉ ከተባሉት ግማሾቹ ቀርተዋል። ዝናቡ ሲያባራ ሞገስ ጣሪያውን ከፈተ። ከወልድያ እስከ ሲሪንቃ ሰው እየወጣ እልል አለ። ቤዛዊት ቬሏ ነፋስ እንዳይወስደው በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ወታደር የጫኑ መኪኖች ከፊታችን ይመጣሉ፣ ወደ ሰሜን። ብዙዎቹ እጃቸውን አወዛወዙላት። አንዱ ብቻ ዝም ብሎ አያት፣ እስክናልፈው ድረስ።

ከሲሪንቃ ወዲያ ኬላ ላይ አስቆሙን። "እንኳን ደስ አላችሁ" አለ የኬላው ሰው። "ሙዚቃውን ግን አጥፉልን። እሱ ሲጮህ ሌላውን መስማት አልቻልንም።"

ከዚያ እስከ መርሳ፣ እስከ ፍቅሩ ቤተሰቦች ቤት፣ በዝምታ። ሙሽራ በዝምታ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። የሚመስለውስ… አልጽፈውም።

ሐምሌ 24

ፍቅሩ ሚሊሻ ገባ። "የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሲጠራ እኔ ጫጉላ ላይ ነኝ ልበል?" አለኝ። ያን ያህል ሲናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። ቤዛዊት አላለቀሰችም። ቀና ሳትል የሱሪውን ቁልፍ ትተክል ነበር።

እኔስ? እማዬን ጉልበቷ አያስኬዳትም። ማን ይይዛታል? ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ነሐሴ 3

ፍቅሩን ከግንባር አመጡት። ጭኑን ተመቷል። ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ በፋሻ ጠቅልለው ሰደዱት። እኛ ቤት ተኝቷል፣ ቤዛዊትም አብራው። ይቃዣል። የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ይጠራል።

ነሐሴ 5

ተኩሱ ከተማው ጫፍ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወደ መርሳ ሲሸሽ ሞገስ ከመርሳ ወደ እኛ መጣ። "ውጡ። ደሴ አደርሳችኋለሁ።"

የኋላ ወንበሯ ጠባብ ነው። ፍቅሩን በጎኑ አስተኛነው፣ ቤዛዊት ጭንቅላቱን ታቀፈች። እማዬን ከፊት እናስቀምጥ ስንል የበሩን መቃን ያዘች። "ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም።" ለመንናት። ቤዛዊት ከመኪናው ሆና፣ "እማዬ" እያለች… አልሆነም። ታዲያ እኔም ቀረሁ።

"ተመልሼ እወስዳችኋለሁ" አለ ሞገስ። እሱም አላመነው፣ እኔም።

ነሐሴ 6

ገቡ። መብራት የለም። ስልክ የለም። ጎዳናው ላይ ውሻ እንኳ የለም።

ነሐሴ 12

ሞገስ በእግሩ መጣ! ጭቃ ለብሶ።

ደሴ አልደረሱም። ሲሪንቃን ሲያልፉ መንገዱ በመኪና ተዘጋ፣ ከፊታቸው ከባድ መሣሪያ ይወድቃል። ወደ ገጠር በሚያስገባው ጥርጊያ ታጠፈ፣ ወደ አክስቱ ወደ እማማ ታደለች። እሱን ከልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፍቅሩና ቤዛዊት ጓዳቸው ውስጥ ናቸው። መኪናዋ ከብቶቹ ቤት፣ ጭድ ተከምሮባት።

"አክስቴ ቁስሉን በማር እያከሙለት ነው" አለ። "ሽታው ለቀቀው።"

"ማንም አያውቅም?"

"መንደሩ ያውቃል። መንደሩ ዝም ብሏል።"

እማዬ ከነበረችን ቆሎ ግማሹን በኪሱ ጨመረችለት። ተመለሰ።

መስከረም 9፣ 2014

እንቁጣጣሽም እንዲሁ አለፈ።

መኪና እየሰበሰቡ ነው፣ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ። ዛሬ ጋራዡ መጡ። ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ሽበታም። ሽበታሙ ረጋ ያለ ነው። ባትሪ ወሰዱ፣ ሽቦ ወሰዱ። ሊወጡ ሲሉ ሽበታሙ ዞረ።

"ቀይዋስ? ጣሪያዋ የሚከፈተው።"

"የምን ቀይ?" አልኩ። የሞኝ መልስ። ከተማው ሁሉ የሰማትን።

"ድምፅ የገጠምክላት አንተ ነህ አሉ።"

"ደሴ ሄዳለች።"

ፈገግ አለ። "እንመለሳለን" አለ።

ማን ነገረው? ሂሩት ትሆን? አይ… ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። መኪናዋን ብሰጣቸው ምን ቸገረኝ፣ ብረት ናት። ግን መኪናዋን ያገኘ ፍቅሩን ያገኛል። ቁስሉን ያየ ደግሞ ሚሊሻ እንደነበር ያውቃል።

መስከረም 11

በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ ከእኔ ቀድማ ትነሣለች። በዚያ ጉልበቷ።

መስከረም 24

ብዕር መያዝ የቻልኩት ዛሬ ነው። ይዘውኝ ነበር።

የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ የተሰባበሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መኪናዋ የት ናት? መጀመሪያ በእርጋታ። ከዚያ በእርጋታ አይደለም። ግራ ጎኔ አሁንም አያስተኛኝም። ደሴ አልኩ። ደሴ፣ ደሴ። ሌላ ቃል ከአፌ ቢያመልጥስ እያልኩ እሷኑ ያዝኩ።

በመጨረሻ ሽበታሙ፣ "እሺ" አለ። "ከሲሪንቃ እስከ መርሳ መንደር ለመንደር ይፈተሻል። ጭድ ሁሉ ይገለበጣል።"

ጭድ ሲል… ያውቃል? ወይስ እንዲያው ነው? ፊቴን ያይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ድምፁን ሰማሁ። መድፍ ነው አልኩ። ጠባቂውም ተነሣ። ግድግዳው ይርገበገባል። ከዚያ ዘፈኑ ተከተለ። ያንን ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ድምፁን አልስተውም።

በመስኮት አየሁ። ሞገስ። ጣሪያዋን ከፍቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሙሽራ ሊያደርስ እንደሚሄድ። ግቢው መሀል አቆማት። ጠመንጃ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"የምትፈልጓት መኪና ይቺ ናት" አለ፣ ጮክ ብሎ። "መርሳ፣ የገዛ ግቢዬ ውስጥ ነበረች። ደሴ ሄድኩ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የያዛችሁት ሰው የሚያውቀው ነገር የለም።"

ሽበታሙ መኪናዋን ዞራት። "ድምፁ ከየት ነው?" አለ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ምንጣፉን በእጁ ዳሰሰ።

"አይታይም" አለው ሞገስ። "ጥሩ እጅ ነው የሠራው።"

ያኔ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። አየኝ። አልሳቀም፣ ፊቱም አልጠቆረም። ራሱን ብቻ ነቀነቀልኝ፣ ሰው መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሲያይ እንደሚያደርገው።

እኔን ለቀቁኝ። እሱን፣ "አንተ ትነዳታለህ" አሉት። መንደሮቹን የፈተሸ የለም።

መስከረም 25

እማዬ ዛሬ ነገረችኝ። ወደ ሲሪንቃ ከምትመለስ ገበያተኛ ጋር ለሞገስ መልእክት የላከችው እሷ ናት።

"ና አላልኩትም" ትላለች። "ወርቁ ተያዘ፣ ይህን ብቻ ነው ያልኩት።" ደግማ፣ "ና አላልኩትም።"

ጉልበቷን በቅባት አሸሁላት።

ጥቅምት 17

ከደቡብ የመጣ አንድ ሰው መኪናዋን አይቷታል። ከውጫሌ ወዲያ። ጣሪያዋ ተቀዶ፣ በጭቃ ተለስና፣ ቁስለኛ ጭና።

"ሾፌሩስ? ነጭ ሸሚዝ የለበሰ?"

"ነጭ ነገር አላየሁም" አለ።

ነጭ ሸሚዝ እስካሁን ነጭ ይሆናል እንዴ? የጠየቅሁት ጥያቄ…

ታኅሣሥ 12

ወጡ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ይተያያል። ሂሩት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሷን ነበር የጠረጠርኩት።

ፍቅሩና ቤዛዊት መጡ። ያነክሳል፣ ግን በእግሩ። እማዬ ጭኑን ዳስሳ ዳስሳ አላመነችም። ሞገስ እኔን ሊያስፈታ የሄደ ዕለት ሳይነጋ ጭዱን ሲያነሣ ፍቅሩ ሰምቶት ነበር። "እኔ ልሂድ አልኩት" አለኝ። "'አንተን አይደለም የፈለጉት' አለኝ።"

ታኅሣሥ 15

መኪናዋ ውርጌሳ አጠገብ ተቃጥላ ተገኘች። ከፍቅሩ ጋር ሄደን አየናት። ጎማ የለ፣ ወንበር የለ። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ላይ አመድ ብቻ። ዙሪያውን ሜዳ ለሜዳ ፈለግን። አጥንትም፣ ጨርቅም የለም። ለእማማ ታደለች ይህን ማን ይንገር?

ፍቅሩ ነገራቸው።

ታኅሣሥ 22

ሬሳ ሳይገኝ ለቅሶ ተቀመጥን። እማማ ታደለች ጥቁር ለበሱ። እንባ አልወጣቸውም። ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ፣ "እህል ቅመሱ" ይላሉ። ፍቅሩና ቤዛዊት እሳቸው ጋ ቀርተዋል፣ ማሽላው ሳይረግፍ እንዲሰበሰብ።

ጥር 8

ትናንት አንድ ሾፌር ጋራዡ መጣ። ከእስር የተመለሰ ነው። ዳቦ ገዝቼለት ሲበላ፣ "ሞገስ የሚባል የመርሳ ሰው አብሮን ነበር" አለ።

መፍቻውን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"መቼ?"

"ኅዳር መጨረሻ። ከአላማጣ ወዲያ። መኪናውን ቀምተውት ነበር። ከዚያ ለያዩን።"

"መልኩስ?"

"ቀጭን።"

ሞገስ ቀጭን አልነበረም። ግን በዚያ ጊዜ ያልቀጠነ ማን አለ?

እማዬ፣ "ለአክስቱ አትንገራቸው" አለች። "አንዴ ቀብረውታል። ሁለተኛ አታስቀብራቸው።" ልክ ናት። ሌላ ሞገስ ቢሆንስ? ከኅዳር ወዲህስ? ዛሬ ጠዋት ግን ተነሥቼ ሄድኩ። የማውቀውን ነገር ከእሳቸው ደብቄ ዓይናቸውን ማየት አልችልም።

ዐውድማ ላይ ናቸው። ፍቅሩ ይወቃል፣ ቤዛዊት ታበጥራለች። "እንደምን ዋሉ፣ እማማ" አልኩ። ነገርኳቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። "እርግጡ አይታወቅም" አልኩ። "ምናልባት ሌላ ሰው ነው።"

ቤዛዊት ሰፌዱን አስቀመጠች። እማማ ታደለች የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ።

"ጥቁሩን አላወልቅም፣ ልጄ" አሉ። "ካወለቅሁት ዳግመኛ የምለብስበት አቅም የለኝም።"

ከዚያ ወደ ክምሩ ዞሩ። "ፍቅሩ፣ የሞገስን ድርሻ ለብቻው ስፈርልኝ።"

ጆንያውን ያዝኩለት። ፍቅሩ ሰፈረ። አፉን ሰፍቼ፣ ተሸክሜ ጓዳ አስገባሁት። እሳቸው ከኋላዬ መጥተው፣ እርጥበት እንዳይነካው ከግድግዳው ፈቀቅ አድርግ አሉኝ። ፈቀቅ አደረግሁት።

እዚሁ አድራለሁ። ገና ብዙ የሚወቃ አለ። ነገ ጋራዡን አልከፍትም።