ኮሪደር ለመሻገር የተለጠፈ ቴምብር

ሮንዳ፣

የተረፈው ላዛኛ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ብዪው፤ እኔ አልመለስም።

ትናንት ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ በድርጅቴ ስም የመጣ ፖስታ አገኘሁ። ላኪዋ አንቺ! ከውጭ ለምታሠሪው ለቧንቧ ሠሪው ድርጅት የምትልኪውን የክፍያ ግብር ቅጽ ለእኔም ልከሽልኛል። ከክፍልሽ ክፍሌ ኮሪደር ተሻግረሽ መስጠት ከብዶሽ ቴምብር ለጥፈሻል።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት በስምሽ አቋቁሚ፤ ለግብሩ እንዲመች ነው እንጂ የውሻ ማጠቢያ ሱቁ የሁለታችን ነው» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ ጅሏ፣ ሸሪክ ነኝ ብዬ የሰው ውሻ ሳሽ ከረምኩ።

እሺ፣ የውጭ ድርጅት ነኝ። የውጭ ድርጅት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ ዕቃውም የራሱ ነው። የገዛኋቸውን መቀሶችና ማድረቂያውን ወስጃለሁ።

ጠዋት የደንበኛችን የሚስዝ ኮዋልስኪ ፑድል ውሻ ይመጣል። አንደኛውን እግሩን የነካ ሰው ይነከሳል። የትኛውን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አይዞሽ፣ ታገኚዋለሽ።

እናትሽ የታመሙ ጊዜ ሱቁን ብቻዬን የያዝኩት ግን…
ተይው።

የምትዪኝ ካለ በፖስታ ላኪልኝ፤ ለምደሽዋል። አድራሻዬን አልተውኩልሽም።

ዲድሪ